የቤተሰብ ዝርዝር

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:30
ሱቅ ከፈትኩ። ማሽኑን ዘይት ቀባሁ። ደንበኛ የለም። ማስታወሻዬ፣ ዛሬም አንቺና እኔ ነን።

ቦቱ ግን ሲያወራ ነው ያደረው። ሞጣ ሠልጥኜ ስልኬ ላይ የጫንኩት መልስ ሰጪ። ሰው ለሱቁ ሲጽፍ እኔ ብተኛም እሱ ዋጋ ይነግራል፣ ትዕዛዝ ይቀበላል። የሥልጠናውን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ ቶሎ መልስ። በስም ጥራ። ለምን ዝግጅት እንደሆነ ጠይቅ። ደንበኛ እንዳይረሳህ አስታውስ።

አንድ ገበሬ ትናንት ማታ ስለ ጋቢ ሲከራከረው አምሽቷል። የመጨረሻህን ንገረኝ ይላል፤ ቦቱ ያንኑ ዋጋ። አንተም ተው እኔም ልተው ይላል፤ ያንኑ ዋጋ። ዛሬ ጠዋት በአካል መጣ። «ይኼ የቀጠርሽው ሰውዬ ግግም ነው» ብሎኝ ሳይገዛ ሄደ። ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው አላሳቀኝም።

የተሰፋ ልብስ ከባሕር ዳር በሚኒባስ እየተጫነ ይገባል፤ ልብስ ሰፊ ማን ይፈልጋል? ከጎኔ ያሉት ሁለቱ ሰፊዎች ዘግተው ሄደዋል። ጾም እስኪገባ ያለው የሠርግ ወቅት ካላነሣኝ፣ ሮብ ገበያ ከተማ ያለው ወንድሜ ቤት ነው መግቢያዬ። በአርባ ዓመቴ፣ ፈት ሆኜ፣ ከሚስቱ ጓዳ።

ጥር 14፣ ሐሙስ፣ 7 ሰዓት
ሐዋ ደወለች። የሞጣዋ ሸሪኬ። ጨርቁ የሷ፣ ስፌቱ የኔ፣ ቦቱ የሁለታችን።

አዲስ ነገር ሠርቻለሁ። የቤተሰብ ዝርዝር። የአንድ ቤት ሰዎችን ስልክ አንድ ላይ መዘገብኩ። አንዱ ሲያዝ ለሁሉም መልእክት ይሄዳል፦ ዘመድዎ ለእገሌ ሠርግ ይህን አዟል፤ ተመሳሳይ ለመልበስ 1ን ይጫኑ። በሠርግ ቤት አንዷ ከለበሰች ሌላዋ ትቀራለች? ሐዋ ትንሽ ቅር አላት። «ሰው ሳያየው ይሂድ?» አለችኝ። ይሂድ አልኩ፤ እኛ እስክናይ ደንበኛው ያመልጣል። ሐሳቡ የኔ ነው። ይመዝገብልኝ።

መጀመሪያ ያስገባሁት የእማማ ዘነቡን ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ለሁሉም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከባሌ ስለያይ ዓመት ሙሉ ያስጠጉኝም እሳቸው። ስልኩን የገዛላቸው ልጃቸው ይሁኔ ነው፤ ቆላ እርሻ ሥራ የሄደው። በመሠረተ ትምህርት በቆጠሯት ፊደል እያንዳንዱን መልእክት በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ወንድማቸው አቶ አስማረ የሞጣ ሰው ነው፤ እሱንም አስገባሁ። ሰባት ስልክ።

ደስ ብሎኛል ልበል? ትንሽ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰዓት
የገበያ ቀን። ስልኩን ሆን ብዬ አልነካሁትም። ቦቱ ይሥራ፣ እኔ ልስፋ። ሁለት የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ጨረስኩ። ሐዋ አመሻሽ ላይ ደውላ ከሞጣም ትዕዛዝ ገብቷል ብላለች፤ ጥቁር ቀሚሶች፣ ተሰፍቶ ካላት ላይ ሰጥታቸዋለች።

ወደ ቤት ስመለስ በእማማ ዘነቡ ደጅ አለፍኩ። ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ጉልበታቸው ላይ። እንዴት ዋሉ አልኩ። በሱቅሽ ስልክ የሚመልሰው ማነው አሉኝ። ማሽን ነው እማማ፣ ሰው የለበትም አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ። «ሰው የለበትም?» አዎ፣ በራሱ ነው የሚያውቀው። «እሺ ልጄ፣ ግቢ፣ መሽቷል» አሉ።

ደክሟቸዋል መሰለኝ።

ጥር 17፣ እሁድ፣ 5 ሰዓት
ይሁኔ ሞቷል።

በተራው ልጻፈው።

ወባ ነው። እዚያው ቆላ ተቀብሯል፤ ሳምንት ሆኖታል። አቶ አስማረ ዓርብ ሰማ። መርዶው እንደ ደንቡ ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ የነፍስ አባታቸውና ሽማግሌዎች ባሉበት ሊነገር ተወሰነ። እስከዚያ ለእናት ትንፍሽ የለም። ትናንት ለቤቱ ሴቶች አራት ጥቁር ቀሚስ በቦቱ አዘዘ። ቦቱ ለምን ዝግጅት ነው ብሎ ጠየቀው። አቶ አስማረ ማሽን ነው፣ ማን ያየዋል ብሎ «የይሁኔ ሐዘን» ብሎ ጻፈ።

ቦቱ ዝርዝሩን አየ። ለሰባቱም ላከ። ስድስቱ ያውቃሉ።

«እማማ ዘነቡ፣ ዘመድዎ ለይሁኔ ሐዘን 4 ቀሚስ አዟል። ተመሳሳይ ለመልበስ 1ን ይጫኑ።» ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት ከሩብ።

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር አሉ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አልጮሁም፣ ጎረቤት አልጠሩም። ሰው መጥቶ እስኪያረዳኝ ነው የጠበቅሁት አሉ። ያኔ ነው ድምፃቸው የወጣው። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከአልጋዬ ላይ።

እኔ ደጃቸው ቆሜ ሰው የለበትም ስል፣ ያውቁ ነበር።

ድንኳኑ ድረስ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ ቦታ አልለቀቁልኝም። አቶ አስማረ ወጥቶ «ለእናት መርዶ በስልክ? ምነው፣ ዓመት ያበላችሽን ሴት?» አለኝ። ስሙን የጻፍከው አንተ ነህ ማለት እችል ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል፤ እሱም ያንኑ እያሰበ ነው። ተመለስኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት
ሱቅ ዝግ። ዛሬ ቦቱን ከፍቼ ቅዳሜ የተጻጻፉትን አነበብኩ። ምነው ባላነበብኩ።

እማማ፦ የማን ሐዘን ነው
ቦቱ፦ ይቅርታ፣ አልገባኝም። ለቀሚስ 1፣ ለነጠላ 2።
እማማ፦ ይሁኔ ልጄ ነው
ቦቱ፦ ስለ መረጃው እናመሰግናለን። ለቀሚስ 1፣ ለነጠላ 2።
እማማ፦ ሰው ካለ መልሱልኝ
ቦቱ፦ ይቅርታ፣ አልገባኝም። ለቀሚስ 1፣ ለነጠላ 2።
እማማ፦ 1
ቦቱ፦ ትዕዛዝዎ ተመዝግቧል። አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ በእማማ ዘነቡ ስም።

ሌላ መልስ ይመጣል ብለው ነው 1ን የተጫኑት። ሌላ ምን ያደርጉ?

ትናንት ደግሞ ላከላቸው። «ቀሚስዎ በዝግጅት ላይ ነው፣ አልረሳንዎትም።» በሐዘን ቤት፣ በመርዶው ማግስት። እሁድ ያላጠፋሁት እኔ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ልክ አሁን አጠፋሁት። ወረቀቱንም ከግድግዳ ቀደድኩ፤ ወረቀቱ ምን አደረገ?

ጥር 22፣ ዓርብ፣ 8 ሰዓት
ሐዋ ከሞጣ መጣች። ድንኳን ገብታ አልቅሳለች፤ እሷን ተቀበሏት። እኔን ስታየኝ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ይኼ ነው የባሰብኝ። ሰው ሳያየው ይሂድ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት፤ አላነሳችውም።

ቦቱ ይከፈት ትላለች። ዝርዝሩ ይውጣ፣ ሐዘን የሚል ቃል ሲመጣ ቆሞ ሰው ይጥራ። ልክ ናት፤ መጀመሪያም እንደዚያ መሠራት ነበረበት። አንቺ ያዢው አልኳት፤ ሞጣ ይሠራልሽ። እዚህ ማን ያዘኛል? ሁለቱ ሙሽሮች የሚዜ ቀሚሱን አንፈልግም ብለው መልሰዋል። ስልኬ ሲጮህ የሰፈሩ ሴት ፊቷን ታዞራለች።

ሽማግሌ እንላክ አለች። የምን ሽማግሌ? ሽማግሌ ከማሽኑ ቀድሞ ቢደርስማ ኖሮ።

ጥር 24፣ እሁድ፣ ከሰዓት 10:00
እማማ ዘነቡን ከቤተ ክርስቲያን መልስ አየኋቸው፤ በሁለት ሴት ተደግፈው። ሰውነታቸው አልቋል። የለበሱት የሰው ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ትከሻው ወርዶ፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ። ለቤቱ ሴቶች ሲታዘዝ ለእናትየው ማንም አላሰበም፤ በቦቱ የታዘዘላቸው አለ ብለው ይሆን? አላውቅም። የታዘዘውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ትዕዛዙ እኔ ጋ ነው ያለው።

ለሐዋ ደወልኩ። ጥቁር ጨርቅ ላኪልኝ፣ የአንድ ሰው። ለማን አላለችም። በነገው መኪና ይደርሳል።

ይቅር ይሉኛል ብዬ አይደለም። አይሉኝም፤ እሳቸውን ብሆን እኔም አልልም። ሮብ ገበያም አይቀርልኝ፤ ዕቃዬን ማሰር ጀምሬያለሁ። ማሽኑን ግን መጨረሻ ላይ ነው የማስረው። ትከሻው ጠበብ፣ ቁመቱ አጠር፣ ወገቡ ላይ ሰፋ፤ ሲቀመጡ እንዳይዛቸው። ማክሰኞ ጠዋት ተሸክሜው እሄዳለሁ። ለልጅ አልሰጥም፣ ለጎረቤት አልሰጥም። ደጅ ላይ ቢያቆሙኝ እቆማለሁ። ውጪ ካሉኝም ቀሚሱን ደፉ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ።