በመኪናዎ መስታወት ላይ ስላለው የወንድሜ ስልክ

ይድረስ ለተከበሩ የትራፊክ አደጋ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎስ ይመችዎታል? ደጋግሜ መጥቼ ባዶውን ስላገኘሁት ነው መጠየቄ። እኔ በቅርቡ የሞተው የታክሲ ሹፌር ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

ወንድሜ መንገዱን እንዲቀርጽለት ስልኩን የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ይሰካ ነበር። የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቶ ሲገድለውም ስልኩ እየቀረጸ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ምስጋና አለብኝ።

1. መሥሪያ ቤትዎ ቪዲዮውን ሳያይ «ስልኩ እይታውን ስለጋረደበት ያለ ምክንያት በድንገት ቆመ» ብሎ ሟቹን ጥፋተኛ ስላደረገልን እናመሰግናለን። ሟች ስለማይከራከር ሥራ ያቀላል።

2. እናቴ ልጇ ያለ ምክንያት እንደማይቆም ልታስረዳ ስትመጣ፣ ስልኩ የታሸገ ማስረጃ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም ተብላ በትሕትና ስለተሸኘች እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲያናግራት መሬት መሬት ታያለች።

3. ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንን የታሸገ ማስረጃ እርስዎ በሚነዱት መኪና የፊት መስታወት ላይ ተሰክቶ አየሁት። ጀርባው ላይ ቢጫ ዳክዬ የለጠፍኩበት እኔ ስለሆንኩ አልሳሳትም። ወንድሜ «ዳክዬ እያየ ማን መንገድ ይለቅልኛል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ ግን አልላጠውም። እይታዎን እንዳይጋርድብዎ በጣም ሰግቻለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወንድሜ ስም ጎን የጻፋችሁት «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ይነሣልን።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ እጅ እየነሣሁ፣ መንገድዎ ሁሉ ክፍት እንዲሆን የምመኝልዎ፣

የጥፋተኛው ሟች ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ ስልኩን አይቆልፍም ነበር። የቀረጸውንም ሁሉ ኢንተርኔት ሲያገኝ ወደ እኔ ስልክ እንዲልክ አብረን አስተካክለነው ነበር። ከአደጋው በኋላ ስልኩ ተዘግቶ ስለቆየ ምንም አልደረሰኝም፤ እርስዎ ሲከፍቱት ግን ሁሉም መጣልኝ። አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው በእግረኛ ማቋረጫው ሲሻገሩ ይታያል። ወንድሜ ቆሞላቸው «ቀስ ብለው እማማ፣ ማንም አያሯሩጠን» ሲል ይሰማል። አሮጊቷ ከተሻገሩ በኋላ ነው የተገጨው። ቪዲዮውን እናቴ ዛሬ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ሰጥታለች።

የእርስዎም የሳምንቱ ጉዞ ደርሶኛል። በየቀኑ በዚያው ማቋረጫ ያልፋሉ። አንድም ቀን ለእግረኛ አልቆሙም።