እሁድ ካሜራ ይዘው ይመጣሉ

ለምወድሽ እህቴ ለእታበባ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳትደብቅ ትውጣለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያ ነገረኛ አጎታችን ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ያልደወልኩት ረስቼሽ አይደለም። ስልክ ሲጮህ እማዬ ቀድማ አንስታ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን እንደምትለቀው ታውቂያለሽ። ይህን ብቻሽን እንድታነቢው ብዬ በናንተ በኩል ለሚያልፈው ለሾፌሩ ጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ።

ከአብሮ አደጌ ከሽቦ ጋር የቪዲዮ ድርጅት መክፈታችንን ነግሬሽ ነበር። ድርጅት ስልሽ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ካሜራና ሲሞቀው የሚያቃስት ኮምፒውተር ነው። ሠርግ እንቀርጻለን፣ ለሱቆች ማስታወቂያ እንሠራለን። ሥራው ቀስ እያለ እግር አውጥቶ ነበር።

አመሻሽ ላይ ዳቦ እየገመጥን አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እናያለን። ጀማሪ ነጋዴዎች ሦስት ባለሀብቶች ፊት ቆመው ሥራቸውን ያስረዳሉ፤ ያልተወደደው ይሰናበታል። መጀመሪያ የምናየው ለሳቅ ነበር። ሙያችን ስለሆነ ቆርጠው የቀጠሉት አያመልጠንም፤ «ተመልከት፣ ስታወራ ኮሌታዋ ተቆልፏል፣ ስታለቅስ ተከፍቷል» እንባባላለን። እያደር ግን ሽቦ መሳቅ ተወ። መስታወት ፊት ቆሞ እንደነሱ መናገር ይለማመድ ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ እኔን ሳያስተዋውቅ ወሬውን ይጀምራል። እያየሁ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ፕሮግራሙ ተቀብሎናል አለኝ። ሳይነግረኝ አስመዝግቦን ኖሯል። ደስ አላለኝም፤ ግን ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ እምቢ ማለት አቃተኝ።

የፕሮግራሙ ካሜራ ሰዎች ክፍላችን ድረስ መጡ። አዘጋጇ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሽቦን ለብቻው ወስደው እኔን መብራት ሥር አስቀመጡኝ። እማዬ የስፌት መኪናዋን ሸጣ የመጀመሪያዋን ካሜራ እንደገዛችልኝ ነገርኳት። እናትህ ሸክም አልሆኑብህም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄውን መልስህ ውስጥ አስገባው አለችኝ። እኛም ሰው ስንቀርጽ የምንለው ነው። «እናቴ ሸክም ሆናብኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። በኛ ቋንቋ ነገሩ የሚለየው ጫፉ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ጫፍ መቁረጥ እንጀራዬ ነው። እባክሽ ደግሜ ልመልሰው አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «በጣም ጥሩ ነበር፤ ይበቃናል» አለችና መብራቱን አጠፋች።

ባለሀብቶቹ ፊት ስንቀርብ ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ «ከሁለታችሁ ድርጅቱ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እኔ ወደ ሽቦ ዞርኩ። እሱ አልዞረም። «ሐሳቡ የኔ ነው፤ እሱ ካሜራ ይይዛል» አለ። ሰውዬው ብቻህን ከሆንክ አብሬህ እሠራለሁ ሲለው እሺ አለ። እኛ ቤት ከኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ያደገው ሽቦ፣ እታበባ። በዚያው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ የእማዬን ካሜራ ብቻ ትቶልኛል።

ትናንት የፕሮግራሙን ማስታወቂያ አየሁት። ፊቴ ይታያል፤ «እናቴ ሸክም ሆናብኛለች» እላለሁ። ከዚያ ጸጥታ፤ ቀጥሎ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የእማዬ ፎቶ። ሥራው ንጹሕ ነው፣ የተቆረጠበት አይታወቅም። ባላውቅ ኖሮ እኔም አምን ነበር። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ሻጯ ዳቦዬን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ለአዘጋጇ ደወልኩላት። የፈረምከው ውል ይፈቅድልናል አለችኝ። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ እሁድ ሲተላለፍ እናትህ ሲያዩት እንቀርጻለን፣ ቤታቸውን አግኝተነዋል አለችኝ። ማን አሳያችሁ ብዬ አልጠየቅኩም።

እኔ ራሴ ልመጣ ሻንጣ አንስቼ ነበር። ግን የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፤ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ሲያለቅሱ። ስለዚህ አደራው ባንቺ ላይ ወድቋል። ከእሁድ በፊት እማዬን ለብቻዋ አስቀምጠሽ ያልኩትን እስከ ጫፉ ንገሪያት። እሁድ ቴሌቪዥኑን አትክፈቱ። ልየው ካለች መብራት ጠፋ በያት፣ የመጣልሽን በያት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ትንሹ ደግሞ ጥርሱ ሲበቅል ፎቶ እንዲልክልኝ። አጎታችንን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ያን ቀን ደጅ ላይ ተቀምጦ ከመንገደኛ ጋር ወሬ እንዳይጀምር አደራ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ሽቦም አብሯቸው ይመጣል፤ ከፊት የሚያስቀድሙት እሱን ነው። እማዬ ድምፁን ከሰማች ልጄ መጣ ብላ ራሷ ሮጣ ትከፍትለታለች። የበሩን ቁልፍ አንቺ ያዢው።

ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል፣ ረቡዕ ጥር 14