ለሞቁት ሦስት መርፌዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የልዩ መድኃኒቶች ማደያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ ላይ እንዳይከዳዎት፣ ጣቶችዎም ጠዋት ጠዋት የሸሚዝዎን ቁልፍ ያለ ሰው እርዳታ እንዲቆልፉ ከልብ እመኛለሁ። ይህንን የምመኘው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ መቆለፍ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እርስዎ ከሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤት የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ላያስታውሱኝ ይችላሉና ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሴቶች ልብስ ስሰፋ የኖርኩ፣ ሰፈሩ «እትዬ መቀስ» የሚለኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ስሆን የሚጽፈው ባለቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለሆነ ከመስመር አይወጣም፤ ከአፌ የወጡትን አንዳንድ መራራ ቃላት ግን በራሱ ሥልጣን ፌርማታ ላይ ትቷቸው አልፏል። ስለዚህ የሚያነቡት ሁሉ የተለዘበው መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት የመገጣጠሚያ በሽታ ያዘኝ። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ ሰውነቴን ሊጠብቅ የተፈጠረው ኃይል የገዛ መገጣጠሚያዬን ጠላት መስሎት ይወጋዋል። መቀስ መያዝ አቃተኝ፤ ቀጥሎ ማንኪያ። ሦስት ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ነው ወደ እናንተ ማደያ የተላክሁት፤ መድኃኒቱ በወር አንድ ጊዜ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ተራ ፋርማሲ የማይገኝና ከፍሪጅ ውጭ ከቆየ የሚበላሽ ነው። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ተነስቼ የባለቤቴን ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች ቆለፍኩለት። እሱም እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ልኩ እንደሚወሰድለት ደንበኛ ቆሞ፣ እጄን ቁልቁል እያየ አለቀሰ። (ይህችን እንዳላነሳት ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ግን ተናጋሪዋ ነኝ።)

ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ እናንተን ያላመሰገንኩበት ቦታ የለም። ለደንበኞቼ፣ ለጎረቤት፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ እናንተ ስሰብክ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ ምስጋናዬን በጽሑፍ፣ በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በየስድስት ወሩ፣ የማይድነው በሽታዬ አለመዳኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት እንዳመጣ ስለምታስታውሱኝ አመሰግናለሁ። እኔ ብረሳው እናንተ አትረሱትም።

ሁለተኛ፤ በሁለተኛው መስኮት ስለምትቀመጠው ፋርማሲስታችሁ አመሰግናለሁ። ይህቺን ልጅ አምስት ዓመት አውቃታለሁ። ገና ከበር ስገባ «እትዬ፣ ዛሬ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ትለኛለች፤ ወንበር ታመጣልኛለች፤ መርፌውን ራሴ እንድወጋ ያስተማረችኝ እሷ ነች። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከመርፌ ጋር የኖሩ ሰው ነዎት፣ ይሄኛው ብቻ ያስፈራዎታል?» ብላ ነበር ያሳቀችኝ። ልታገባ ስትል የሠርግ ቀሚሷን እኔ ሰፋሁላት፤ ጀርባው ላይ አርባ ስድስት ትንንሽ ቁልፎች ነበሩት፣ አንዱንም በመኪና አልነካሁም፣ ሁሉም የእጄ ሥራ ነው። እናንተ በመለሳችሁልኝ እጅ ለእናንተ ልጅ መስፋቴ ኩራቴ ነበር። ቀሚሱን የተረከበች ለት በትንሽ ካርድ ላይ «ለእናቴ» ብላ ሰጠችኝ፤ ካርዱንም ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቀልኩት።

ሦስተኛ፤ አሠራራችሁን ስላሻሻላችሁ አመሰግናለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር በየሳጥኑ ውስጥ አንዲት ክብ ምልክት ያላት ወረቀት ትመጣ ነበር፤ ክቧ ነጭ ከሆነች መድኃኒቱ ቀዝቅዞ ቆይቷል፣ ከቀላች ሞቋልና አትውጉት ማለት ነው። ባለፈው ዓመት፣ ከሦስቱ ተከታታይ የዕረፍት ቀናት በኋላ የወሰድኩት ሳጥን ግን ያቺ ወረቀት የለችበትም።

«ልጄ፣ ምልክቷ የት ሄደች?» አልኳት።

«አሠራሩ ተሻሽሏል እትዬ፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም» አለችኝ። ይህንን ስትል ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ላይ አላነሳችም። እኔ ሞኟ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ አዘንኩላት።

ያንን መርፌ ተወጋሁ። በሁለተኛው ወር ሌላውን፣ በሦስተኛውም ሌላውን። ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት እጄ እንደ ተቋጠረ ጨርቅ ሆኖ ይነሳል። ለልጅቷ ስነግራት «አንዳንድ ጊዜ ሰውነት መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ እትዬ፤ ይታገሡ» አለችኝ፤ ታገሥኩ። ሐኪሜም መድኃኒቱ መሥራቱን አቁሟል ብለው ደመደሙና አስቆሙኝ። ጣቶቼ ማበጥ በጀመሩ ሰሞን ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጀምሬ ነበር፤ የግራ እጅጌው ላይ ስደርስ መርፌው ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ። የሙሽራዋ እናት መጥታ ጨርቁን አጣጥፋ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ጤና ይቅደም» ብላኝ ወሰደችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተጨረሰ ልብስ ከቤቴ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወደ ሌላ ሰው ስለሚሄድ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን፣ «በረዶው» የምንለው ጎረቤት አለ። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ እጄን ሲያይ ደነገጠ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ምን ይደረግ፣ የእነእንትና መድኃኒት እንኳን አልሠራልኝም» ብዬ የማደያችሁን ስም ጠራሁ። በረዶው ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ከዕረፍቱ ማግስት ፍሪጃቸው ሞቷል ብለው የጠሩኝ እኮ እኔን ነው። ሦስት ቀን ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። በሩን ስከፍተው ሙቀቱ እንደ ምጣድ ፊቴን መታኝ። ይሄን ሁሉ ጣሉት አልኳቸው። እሺ አሉኝ።»

እሺ ብላችሁት ነበር ለካ። አልጣላችሁትም እንጂ።

በማግስቱ ባለቤቴ ደግፎኝ መጣሁ። ወረፋውን አልጠበቅሁም፤ በሕይወቴ ወረፋ የጣስኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለዚህም ክቡርነትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው መስኮት ፊት ቆሜ ሁለቱን እጆቼን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ልጄ፣ ፍሪጁ ጠፍቶ እንደነበር ታውቂ ነበር?» አልኳት። እጆቼን አየች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

«ከላይ ነው የታዘዝነው፣ እትዬ። ምልክቶቹን አውጡና አድሉ ተባልን። ያልታዘዘ ሥራውን ይለቃል አሉን።»

«ሦስት ጊዜ ሰጠሽኝ እኮ።»

«አዎ» አለች፤ «ሦስት ጊዜ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኔ ስሰማው የኖርኩት ተረት ነበር፤ ምን ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ እንደሚወደቅ ግን ተረቱ አይናገርም። ክቡርነትዎ ቢዋሹኝ፣ አላውቅዎትምና አንድ ባለሥልጣን ዋሸ ብዬ እቤቴ እገባለሁ። እሷ ግን ሆዴ ላይ የት ቦታ መርፌ እንደማያመኝ የምታውቅ ልጅ ነች።

አምስተኛ፤ ለማደያችሁ አቤቱታ ባስገባሁ በአርባኛው ቀን ስለላኩልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው። «የተከበሩ ደንበኛችን» ብለው ይጀምሩና፣ ሦስቱንም መድኃኒቶች ቀዝቃዛና ደኅና ሆነው መረከቤን በፊርማዬ ማረጋገጤን ገልጸው፣ የፊርማዎቹን ቅጂ አያይዘውልኛል። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ አየና ወደ እኔ ዞረ። ሦስት የሚያምሩ ፊርማዎች፤ ጭራቸው እንደ ጥሩ ጥልፍ የተጠማዘዘ። ችግሩ ክቡርነትዎ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር እኔ ብዕር መያዝ አልችልም ነበር። ባንክም፣ ቀበሌም፣ የወንድ ልጄ የምርቃት ጥሪ ላይም ያኖርኩት የአውራ ጣት አሻራ ነው። ፊርማዬን እኔ ሳላውቅ፣ እኔ ከምፈርመው አሳምሮ የሚፈርምልኝ ሰው እንዳዘጋጃችሁልኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለችውን ካርድ አወረድኩና ከቅጂዎቹ አጠገብ አስቀመጥኳት። «ለእናቴ» የሚለው ላይ የ«ለ» እግር እና ፊርማው ላይ በእውነተኛ ስሜ ውስጥ ያለው የ«ለ» እግር አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቴ ተነስቶ ውሃ አመጣልኝ።

የሚቀጥለው ስንተኛ እንደሆነ ጠፋብኝ፤ ቁጥሩን ይተውልኝ። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ አልቀረሁም። ማደያችሁ ደጃፍ ያለውን ረጅም አግዳሚ ያውቁታል? አያውቁትም፤ እርስዎ የሚገቡት በጓሮ በር ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ አምስት ዓመት ስቀመጥ ሰው አላጣሁም። አንጀቱን የሚያመው ጡረተኛ መምህር አለ፣ ዓይኗ እንዳይጠፋ መርፌ የምትወስድ ዳቦ ጋጋሪ አለች፣ የእህቱን መድኃኒት የሚያመላልስ ግንበኛ አለ። በየቤታቸው ሄጄ፣ በረዶው የጥገና መዝገቡን ይዞ፣ አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ምልክቷ ያልነበረችባቸው ሳጥኖች አሥራ አራት ቤት ገብተዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ አሁን በግራ ዓይኗ ብርሃን ብቻ ነው የምታየው። «እኔ እኮ የምድጃው ሙቀት ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። ይህንን ሰምቼ ቤቴ ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ለራሴ ያላለቀስኩትን።

አቤቱታችን ከአንድ ወር በፊት ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ የበረዶው መዝገብ፣ የፊርማዎቹ ቅጂና የአሥራ አራታችን አሻራ ተያይዟል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፋርማሲስቷ ራሷ ሄዳ ቃሏን መስጠቷን፣ ማን እንዳዘዛትም በስም መናገሯን እዚያው ያሉ ሰዎች ነግረውናል። ከዚያ ወጥታ ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። እንዳልዋሽዎት፣ ይቅር አላልኳትም። ግቢም፣ ሂጂም አላልኳትም። በመጨረሻ ራሷ ሄደች። የሚቀጥለውን ገና አላውቀውም።

ሐኪሜ እውነቱን ሲሰሙ መድኃኒቱን ከሌላ ማደያ አስጀምረውኛል። እብጠቱ ጎድሏል። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ግን ተጣመው ቀርተዋል፤ አይቃኑም ብለውኛል። ስለዚህ ቀሚስ አልሰፋም። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ባለቤቴ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያሾልክልኛል፤ አንድ ክር ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እሱም አውቶቡስ መንዳት ይቀላል ይላል።

ለሰጡን ሁሉ፣ ለወሰዱብንም ሁሉ ምስጋናችን ብዙ ነው። ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ቢሮዎም ሁልጊዜ ቀዝቃዛ እንዲሆንልዎት እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አድናቂዎ፣ እትዬ መቀስ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህንን ደብዳቤ እየጨረስን ሳለ ከመሥሪያ ቤትዎ ስልክ ተደውሎ፣ አንዲት ጣፋጭ ድምፅ አገልግሎታችሁን ከአንድ እስከ አምስት በቁጥር እንድመዝን ጠየቀችኝ። ዜሮ የሚባል ምርጫ ስላልነበረ አንድን ተጫንኩ። ድምፅዋ ቀድሞ የተቀዳ መሆኑ ስለገባኝ አልተቆጣኋትም፤ እንዲያውም ከመሥሪያ ቤትዎ ካነጋገሩኝ ሁሉ ዋሽታኝ የማታውቀው እሷ ብቻ ነች።