«ኢንጌጅድ» የቱ ነው?

ልጄ ሰካርዋቲ፣ ባለሽበት ሀገር አላህ ክፉውን ሁሉ ያርቅልሽ፤ መግቢያ መውጫሽን ያሳምርልሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቷል፤ የአባትሽ ጉልበት ግን ተሽሎታል።

አርብ ስደውል ስልክሽን ያነሳችው አከራይሽ ናት። በእንግሊዝኛ ከምትለው ሁሉ ስምሽንና «ኢንጌጅድ» የሚለውን ብቻ ለየሁ። እንዳይጠፋኝ እየደጋገምኩት ጎረቤታችን መምህር ዊርዮ ዘንድ ሄድኩ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ልጅሽ ታጭታለች» አሉኝ።

ደስታ ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ ሮጬ ለአባትሽ ነገርኩት። አባትሽ «ሽማግሌ ሳይላክ?» ብሎ ምሳውን ትቶ ተነሳ። እኔ ግን ሰው ከሌላ አፍ ከሚሰማው ብዬ ለደስታ ቀን የሚሠራውን ቢጫ ሩዝ ሠርቼ ለጎረቤት አዳረስኩ።

ሆቴል ትሠራ የነበረችው ላስትሪ ሩዙን እየበላች ሳቀችብኝ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄማ ሆቴላችን ሽንት ቤት በር ላይም ተጽፎ ነበር። ተይዟል ማለት እኮ ነው። ልጅሽን ሥራ ይዟታል!»

መምህሩ «እጮኛ ነው» ይላሉ፣ እሷ «ሥራ ነው» ትላለች፤ በእኔው ሩዝ ተጣሉ። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? ብደውልም አታነሺ። መንገድ ላይ «ሠርጉ መቼ ነው?» ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?

ታጭተሽ ከሆነ አልቆጣሽም። ሥራም ከሆነ አላህ ጉልበት ይስጥሽ፤ ከደግ ሰው ያገናኝሽ። ብቻ እባክሽ ራስሽ ደውይና በእኛው ቋንቋ ንገሪኝ። አባትሽ ኩርፊያውን ትቶ፣ ዛሬ የክብር ልብሱን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ አይቼዋለሁ።

እናትሽ ሱማርሚ