የሰይድ መንገድ

አባዬ፣

በወጉ ቢሆን «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ነበር የምጀምረው። ያንተን ጤና አሁን የሚያውቀው አላህ ብቻ ስለሆነ አለፍኩት። ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላን። እኔና እማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አሁንም እዚሁ ዐረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነን። እማ ለአገራችን ሴቶች ልብስ ትሰፋለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። እኔ ደግሞ የዓይን ምርመራ ተማሪ ሆኜልሃለሁ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ነው።

የተግባር ልምምድ የደረሰኝ የት መሰለህ? አንተ ለመንጃ ፈቃድህ የተመረመርክበት ክሊኒክ! ክፍሉ ያው ነው፣ መስኮት የሌለው። የወረቀቱ ሰንጠረዥ ወርዶ በሌላኛው ግድግዳ ላይ ስክሪን ተሰቅሏል። ወረቀቱ የነበረበት ቦታ ግን ከቀረው ግድግዳ ተለይቶ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አልወድም።

ዓይንህ መድከሙን መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ። የመኪና መብራት ጸጉር አበቀለብኝ ስትለኝ ስቄብሃለሁ። የመንጃ ፈቃድህ እድሳት ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ዋይቱን፣ ያን የውሃ ቦቴ፣ መንዳት ካቆምክ አሠሪ ከፊልህ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማውን፣ አያድስም። ኢቃማ ከሌለ ኸላስ፣ ሦስታችንም ጓዛችንን ጠቅልለን መሄድ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ብልጥ ነኝ ባይ። እማን ለደም ግፊቷ ክሊኒኩ ይዣት ስሄድ የዓይን ክፍሉ በር ክፍት ነበር፤ ቁጭ ብዬ አየሁ። መርማሪው ለሰው ሁሉ የሚጠቁመው አንዷን መስመር ብቻ ነው። ስድስት ሹካ የመሰሉ ምልክቶች፤ ጣታቸው የዞረበትን አቅጣጫ መናገር ነው። በቃሌ ይዣቸው መጣሁ።

ላስጠናህ ብል አልያዝልህ አለ። ይሄ ጭንቅላት ፊደል አይገባበትም እያልክ በራስህ ትቀልድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ኧረ ይቺማ ወሎ የእናቴ ቤት መንገድ ናት አልክ። ከበሩ ወደ ቀኝ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ከዚያ ወደ ግራ። እዚያ ዋርካው ሥር ቆም ብሎ ለተቀበሩት ሰላምታ መስጠት ነው። ከዚያ ቁልቁል፣ በመጨረሻ ወደ ቀኝ፣ ገበያው። ከዚያ በኋላ አንዴም አልተሳሳትክም። ዋርካው ጋ ስትደርስ ብቻ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለህ፤ መርማሪው ይጠረጥርሃል ብዬ እቆጣህ ነበር።

አለፍክ። እማ ዶሮ ሠራች። በዘጠነኛው ወር፣ ከቀትር በኋላ ጉብራ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ሲነሣ፣ ከሳምጣ ከተማ ስትመለስ ዋይቱ ከነውሃው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገባ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ አቧራው ነው፣ የአላህ ቀደር ነው አለ። እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኮሌጅ ገብቼ ስለ ዓይን ሞራ የተማርን ቀን መምህርቷ የበሽተኛውን ስሜት ስትዘረዝር መብራቱ ዙሪያ ጨረር እንደሚያይ ተናገረች። ሞራ ነበር አባዬ! በአጭር ቀዶ ጥገና የሚነሣ ሞራ። ያን ቀን ምርመራውን ብትወድቅ ኖሮ ያገኙልህ ነበር። እንዳትወድቅ ያደረግኩህ እኔ ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሌላ ነገር ገጥሞኝ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ፍየል የሚጭን ሾፌር መጣ። አስቀመጥኩትና ግራ ዓይኑን ሸፈንኩለት። ስክሪኑ ቅደም ተከተሉን ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚቀያይር በቃል መያዝ አይቻልም። ሰውየው ፊቱን ከስክሪኑ መለሰና ወደ ነጩ ግድግዳ እያየ፦ ቀኝ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ግራ አለ። ቆም አለ። ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ ቁልቁል፣ ቀኝ። በዚህ ሜዳ አገር ሽቅብና ቁልቁል ማን ይላል? ሰው ሁሉ የሚለው ላይና ታች ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ ቢስሚላህ አልኩና ስክሪኑን እንዲያይ ነገርኩት።

በሳምንቱ ሌላ መጣ። ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ። ክፍሉ ድቅድቅ አለ፣ የገዛ እጄን አላየሁትም። እሱ ግን አላቋረጠም፤ የሌለውን ስክሪን ያነባል። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ቆሞ ተነፈሰ። ትንፋሹ ያንተ ነበር፣ ወላሂ ያንተ። አባዬ ብዬ ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር። መብራቱ ሲመጣ የማላውቀው ሰው ሆኖ አገኘሁት።

ሦስተኛው አያ እንድሪስ ነው፣ አብሮህ ዋይት ይነዳ የነበረው የከሚሴው ሰው። ከሰንጠረዡ በፊት ዓይኑን በመሣሪያው አየሁት፤ ሁለቱም ሞራ ለብሰዋል። ሰንጠረዡ ላይ ግን ያቺኑ መንገድ ደገማት። ከየት አመጣኸው ስለው ሳቅ አለ። የሰይድ መንገድ ነው አለኝ። ለካ አንተ ለእሱ አስተምረህ፣ እሱ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው። ወረቀቱ ያልወረደባቸው ክሊኒኮች ዛሬም በእሷ ያሳልፋሉ! ጂን አለመሆኑ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ አስደነገጠኝ። ስንቱ ሾፌር ይሆን እኔ ባጠናሁት መስመር እየነዳ ያለው?

እሱ ደግሞ ቀጠለ። መንገዷን ሲያነብ ዛፍ ይታየኛል አለ፤ ሥሩ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንተ ስለ ዛፍ ነግረኸው እንደሆነ ጠየቅኩት። የለም አለ፤ ሰይድ ያለን እዚያ ጋ ተንፍሱ ብቻ ነው። አንተ መሆንህን አልጠየቅኩትም፣ ፈራሁ።

ከዚያ ለመነኝ። ያላ ልጄ፣ ጻፊልኝና ልሂድ፣ አባትሽ ቢሆን አይጨክንብኝም አለ። እውነቱን ነው፣ አንተ አትጨክንበትም ነበር። እኔ ግን ዓይኑ ለመንዳት አይበቃም፣ ሞራው እንዲነሣለት ይላክ ብዬ ጻፍኩ፤ ሐኪሙም አይቶ ፈረመበት። ኢቃማውን በእጄ እንደቀደድኩት አውቃለሁ። አያ እንድሪስ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አይ የሰይድ ልጅ ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን ሰዎች ገበያ ላይ ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጣሉ። ያቋርጡ፣ በሕይወት ይኑሩልኝ እንጂ!

ያን ቀን አሱር ከሰገድን በኋላ ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። የስፌት መኪናዋን አቁማ ክሩን በጠሰች። ከዚያ ያን የመጨረሻ ጠዋት ነገረችኝ። አንተ የዋይቱን ቁልፍ ስትፈልግ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊትህ ነበር አሉ። ሦስቴ በእጅህ ዳብሰህ አጣኸው። አለማየትህን ያን ጊዜ አወቀች። አወቀችና ቁልፉን አንስታ በእጇ አስጨበጠችህ፤ አላህ ይከተልህ ብላ ሸኘችህ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከእንግዲህ አቧራው ገደለው አንልም አባዬ። አንተ አታይም ነበር፣ እኛም እናውቅ ነበር። ስንናፍቅህም ዱዓ ስናደርግልህም ከነዚሁ ነው የምናስታውስህ፣ ምንም ሳንቀንስ። በሞትክ ጊዜ እኔ ለብቻዬ፣ እማም ለብቻዋ ነበር ያለቀስነው። ያን ቀን ግን ተቃቅፈን አለቀስንልህ።

ልጅህ ዘሃራ