የአባዬ ሁለተኛው እርሻ

ሐሙስ፣ የካቲት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

የአባዬ ስልክ ስለተሰበረ ዛሬ አዲስ ገዛሁለት። በአሮጌው ላይ የእርሻ ጌም ነበረው። አያት አካባቢ ያርሰው የነበረውን መሬት አስፈርመው ለቪላ ከወሰዱበት ወዲህ ስንዴ የሚዘራው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ጌሙ በኢሜይሉ ባክአፕ ተደርጓል ብዬ ተማምኜ ነበር። ለካ ኢሜይሉን የከፈተለት አሮጌውን ስልክ የሸጠልን የሃያ ሁለቱ ባለሱቅ ነው። ሄጄ ፓስወርዱን ጠየቅሁት።

"ለደንበኛ ሁሉ እኔው ነኝ የምከፍተው፤ ፓስወርዱን ማን ያስታውሰዋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ያኔውኑ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ ደደቧ! ያለ ፓስወርድ ደግሞ እርሻው አይመለስም።

ቤት ስገባ፣ "አባዬ፣ እርሻው ጠፍቷል፤ እንደ አዲስ መጀመር አለብህ" አልኩት።

አዲሱ ስልክ ላይ የተከፈተውን ባዶ መሬት ትንሽ አየና፣ "ለዚህኛውስ የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለኝ።