ስሟን የማናውቃት እህትህ

ልጄ ሙሀመድየሱፍ፣ አላህ በሄድህበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የደም ካንሰር ለያዛት፣ ለማታውቃት ሴት ከመቅኒህ ግንደ ሕዋስ መስጠትህን ስሰማ አጥንትህ ባዶ የቀረ መስሎኝ ደነገጥሁ። ነርሷ እህትህ ዘይነት ግን «ሐይቁ ዳር እንደሚበቅለው ደንገል ነው፤ ቢቆርጡት ከሥሩ ይተካል። እሷም ውስጥ ገብቶ አዲስ ደም ይሠራላታል» አለችኝ። መዳኗንማ ስሰማ እልልታዬን አቀለጥሁት!

ቆይቶ ግን ሐሳብ ገባኝ፤ አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ከሆኑ፣ ደም የተጋሩሳ? ሼኹን ብጠይቃቸው ሳቁና «የሚያዛምደው ጡት ነው እንጂ የተለገሰ ደም አይደለም፤ መጋባትም ይችላሉ» አሉኝ።

እኔ እንደሁ ከልጆቼ ቆጥሬ ዱዓ ሳደርግላት ከርሜአለሁ። አላህ ሁለታችሁንም በጤና ያቆይልኝ። የሰጪና የተቀባይ ስም የሚደበቅበት ጊዜ አልፎ ለመተዋወቅ ሲፈቀድላችሁ፣ ዓባይ ማዶ እናት አለችሽ በልልኝ፤ ልጅም ሆና ምራትም ሆና ብትመጣ ቤቷ ነው።

እናትህ